ባለ አሥራ ሁለት ክፍሉ ቤትህ

ይድረስ በቴክሳስ ለምትገኘው ልጄ ለቬንደሊን፤ ከእባብ፣ ከንዳድና ከክፉ ባልንጀራ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ወገቡን እያመመው ነው፣ ዝይዎቹም እንደ ልማዳቸው መንገደኛ ይነክሳሉ።

ወደ ቴክሳስ የሚሄዱትን የሚመዘግበው የስደተኞች ማኅበሩ ሰውዬ ደብዳቤህን እሁድ እሁድ መጠጥ ቤት ቆሞ ያነባል። «ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ቤት ሠራሁ» ያልከው ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ልብስ ሰፊው ካሲሚር «በሉ፣ ማረፊያ አገኘን!» ብሎ ከነልጆቹ፣ ከነአማቱ ተመዘገበ።

እኔ ግን አውቅሃለሁ። ልጅ ሳለህ አክስትህን «ግንብ ሠርተናል» ብለህ ጠርተህ የዶሮ ቤት ነው ያሳየሃት። ደግሞስ በዚያ በሞቃት አገር፣ ነፋስ የማያስገባ ቤት ያለው ሰው «የላባ ብርድ ልብስ ላኪልኝ» ይላል?

«ልጄ ዋሽቷል» እንዳልል፣ ስማችን ነው። ዝም እንዳልል፣ ቤቱን ያጣች ቀን የካሲሚርን አማት ምላስ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ይዤ አብሬያቸው ከብሬመን ወደብ በመርከብ እሳፈራለሁ። አባትህ ዝይዎቹን ይጠብቃል።

እግዚአብሔር ክንድህን ያበርታ፣ መጥረቢያህን ይሳልልህ። አደራ ልጄ፣ እስክንደርስ አንዱን ክፍል ብቻ ጣሪያ አልብሰው። ስለ አሥራ አንዱ እኔ እዋሽልሃለሁ።

እናትህ ኩኒጉንዴ