ጫካ ውስጥ የተረዳነው መርዶ

ወንዴ፣ ሆዴ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከተለየኸን ስድስት ወር ሊሞላ ነው። ሰው ሁሉ "ይለመዳል" ይለኛል፤ ምኑ እንደሚለመድ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። እኔ እንደሆንኩ ዛሬም መኮሮኒ ለሦስት ሰው ቀቅዬ፣ የተረፈውን እያየሁ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

ቤታችን እንዳለ ነው። የገላን ሠፈር ውሃ እንደ ልማዱ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። በርሜሉን የምሞላው አሁን እኔ ነኝ፤ ስትሞላ ታማርር የነበረው እውነትህን ነው ለካ! በሰቃ ሠፈር ያለችው የስፌት ቤቴም አልተዘጋችም። ጥቁር ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሲመጣ ብቻ እጄ አልሰበሰብ ይለኛል።

ያስጨነቀችኝ ልጅህ ማሂ ነበረች። ማታ ማታ አንተን ያመጣህ የነበረው የቂሊንጦ ሠራተኞች ሰርቪስ ከበራችን ፊት ሲቆም ድምፁን ከሩቅ ትለየዋለች። የያዘችውን ጥላ ወደ በረንዳ ትሮጥና የመጨረሻው ሠራተኛ ወርዶ በሩ እስኪዘጋ እያንዳንዱን ታያለች። ከዚያ "ዛሬም አልመጣም" ብላኝ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። አታለቅስም እኮ! ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ድንገት ወድቀህ ሆስፒታል ስንንከራተት ልጅቷን ጎረቤት ተውናት፤ ለቅሶው እስኪያልፍም እዚያው ከረመች። ስትመለስ "አባዬስ?" አለች። ወንድምህን ታደለን ታውቀዋለህ፣ አፉ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ "ለሥራ መስክ ሄዷል፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ" አላት። እኔም ዝም አልኩ። ለእናትህም በስልክ ያንኑ ነገርናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ነው የሚነገረው አለ ታደለ። ደንቡ ነውና ምን እላለሁ?

ማለዳዋ ግን አልመጣ አለች። የእህትህ ልጅ ሠርግ ደረሰና "ሠርጉ ይለፍ፣ የሙሽራዋን ቀን አናበላሽ" ተባለ። ጾም ገባና "ፋሲካ ይለፍ" ተባለ። የሠርጉ ማግስት እማማ ደውለው "የልጄን ድርሻ እኔ ጨፈርኩለት፣ ከመስክ ሲመጣ ንገሪው" ሲሉኝ ስልኩን ትራስ ውስጥ ቀብሬ አነባሁ። ደግሞ በደወሉ ቁጥር ማሂ ስልኩን እየነጠቀች "አባዬ መስክ ነው፣ ኔትወርክ የለውም" ትላቸው ነበር፣ እንደ ፊደል አጥንታው። እኛ ዋሸን፤ እሷ ግን አምናው ነበር የምትናገረው።

ከፋሲካ በኋላ በቃኝ አልኩ። ታደለ መኪና ተውሶ መጣ። ማታ እማማ ቤት ብንደርስ ያንተን አለመኖር አይተው ያለ ሽማግሌ ድብልቅልቁ ይወጣል ብሎ ፈራ። ስለዚህ አዳራችን ከሠፈራቸው በላይ ጫካ ውስጥ ያለው ሎጅ እንዲሆን ወሰነ። እሱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ እኛን ሊወስደን፣ ከዚያ አብረን ልንሄድ። አዎ፣ ያ ሎጅ! በስልክህ ፎቶውን እያሳየኸኝ "የእናቴ ጓሮ ውስጥ ፈረንጅ እየከፈለ ያድራል፤ እኛስ ምን አጠፋን? አንድ ቀን እንደ ቱሪስት አድረን እናየዋለን" ትለኝ የነበረው። አየነው፣ ወንዴ። ያላንተ አየነው።

ሰው አይቶ እንዳያወራብን ጅማ ስንደርስ ጥቁሬን አውልቄ ቢጫ አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ጨርቁን አንተ ነህ የመረጥክልኝ። በቀብርህ የተላጨ ራሴን በሻሽ ጠቀለልኩ። ጥቁሩን ሻንጣ ውስጥ ስከት የከዳሁህ መሰለኝ።

ጫካውስ አቤት! ዛፉ ሁሉ ጺም አብቅሏል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከቅጠል ቅጠል ሲንጠባጠብ ይውላል። ክፍሎቹ ከእንጨትና ከቀርከሃ የተሠሩ ናቸው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ሲጥጥ ሲጥጥ ይላል። የኛ ማሂ ከአስፋልት ዳር ችግኝ በቀር ምን ዛፍ ታውቃለች? ጉሬዛዎቹን ስታይ "እማዬ፣ ጦጣው ካባ ለብሷል!" ብላ ጮኸች። የሎጁ አስተናጋጅ፣ አንዲት ጨዋታ የምታውቅ የአገሩ ልጅ፣ ብርዝ ይዛ ተቀበለችን። ታደለን ባሌ መስሏት ሦስታችንንም አንድ ክፍል አስገብታን ቁጭ! ወንድምህ ፊቱ በርበሬ መሰለ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ካንተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አፈርኩና አፌን ያዝኩ። አንተ ብትኖር ለዓመት ታሾፍበት ነበር።

ክፍል ለየችልንና ታደለን ትክ ብላ አይታ "የእማማ ልጅ አይደለህም እንዴ?" አለችው። አዎ አላት፣ ደስ ብሏት ሄደች። እኛ ቀሚስና ሻሽ ስናሰላ አገሩ ሁሉ ዘመድ መሆኑን ረስተነዋል። ለካ ልጅቷ ወደ ቤቷ ስትገባ በእናትህ ደጅ ነው የምታልፈው።

በማግስቱ ታደለ መኪናውን ይዞ ሽማግሌዎቹን ሊያመጣ ወረደ። እኔና ማሂ በረንዳው ላይ ጉሬዛ እናያለን። ጭጋጉ አልተገፈፈም። ከአቋራጩ መንገድ አንዲት ነጭ የለበሱ ሴት ቅል አዝለው ብቅ አሉ። ክው አልኩ። እማማ ናቸው።

"ቤቴ ጠበባችሁ? እናት እያለቻችሁ ጫካ ታድራላችሁ?" እያሉ፣ ግን እየሳቁ፣ ማሂን አገላብጠው ሳሟት። ቅሉ ውስጥ ያለው ማር ያንተ ነበር፤ ለማንም ሳይሰጡ ያቆዩት። ከእጄ አምልጠው በቀጥታ ክፍሉ ገቡ። "ወንዴ! አንተ እንቅልፋም፣ ተነስ፣ ነግቷል!" እያሉ ብርድ ልብሱን ዳበሱት። ልጅዎ መጥቷል ሲባሉ አንተ መስለሃቸዋል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ያኔ ማሂ ከኋላዬ "አያቴ፣ አባዬ እኮ መስክ ነው፣ ኔትወርክ የለውም" አለች።

እማማ ዞሩ። ያንን ቃል ከኔም፣ ከታደለም፣ ከልጅቷም፣ ያለ አንዲት ፊደል ለውጥ ስንት ጊዜ ሰምተውታል። ማሂን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ቀረብ ብለው ሻሼን በቀስታ ገለጡት። አስታወስክ፣ በመጣን ቁጥር ጸጉሬን ካልሠራሁልሽ እያሉ የሚለምኑኝን? የበቀለችውን አጭር ጸጉር በመዳፋቸው ዳሰሷት። መልሰው ሻሹን ራሳቸው አሰሩልኝ፣ አጥብቀው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከሠርጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

በፊት ነው አልኳቸው። ከእንግዲህ ምን እዋሻለሁ?

"ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እልል አስባላችሁኝ" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉትም። "አገር እያየኝ ጨፈርኩ። እናንተ እያወቃችሁ እኔ ጨፈርኩ።" ከዚያ ነው ደረታቸውን መምታት የጀመሩት። ወንዴ፣ ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ለእሳቸው አዝነን ነበር እኮ የደበቅነው! ለካ ልቅሶአቸውን ሰርቀናቸው ነው።

ማሂ ደንግጣ "አያቴ ለምን ታለቅሳለች?" አለችኝ። ጉዴን ስማ እንግዲህ። እዚያው፣ በዚያ ሰዓት፣ "ጥርሷን አሟት ነው" አልኩ! ውሸት እንዲህ ይለመዳል። ሞት ባይለመድ እሱ ይለመዳል።

እማማ እንባቸውን ሳይጠርጉ እጄን ያዙኝ። "ተይ! እኔን ያደረጋችሁኝን እሷን አታደርጊያትም" አሉኝና ልጅህን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። "አባትሽ ሞቷል፣ ማሂዬ። አንቺ አባት አጣሽ፣ እኔ ልጅ አጣሁ። አሁን አብረን እናለቅስለታለን" አሏት። ገና መርዶአቸውን እንደሰሙ በገዛ አፋቸው መርዶ ነገሩልኝ። የኔን ሥራ ሠሩልኝ።

ማሂ ዞራ እኔን አየችኝ። ከዚያ "መስኩስ?" አለች።

"መስክ የለም፣ ልጄ" አሏት።

ያኔ አለቀሰች። በነዚያ ወራት ሁሉ ያላየሁትን እንባ አወጣችው። ታደለ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲደርስ ሦስታችንንም መሬት ላይ አገኘን። ለመናገር አፉን ሲከፍት እማማ "ዘገየህ" ብቻ አሉት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቅሉን ከወለሉ አንስቶ ጥግ አስቀመጠው። ማሩን የነካው የለም።

ለቅሶውን እሳቸው ቤት ተቀምጠን ተመለስን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኛ ንጋት ጠርቶ እንኳ ቅዝቃዜው አልለቀቀኝም። እማማ ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሱልኝም። ራሳቸው ሲደውሉ "ማሂን አቅርቢልኝ" ነው የሚሉኝ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ለሙት ዓመትህ መጥተው መቃብርህን እንደሚያዩ ለእሷ ነግረዋታል። ለኔ ምን ይሉኝ ይሆን? እፈራለሁ፣ ወንዴ። ግን ሻሼን ያሰሩልኝ እጆች ትዝ ሲሉኝ ትንሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ጥቁሬን መልሼ ለብሻለሁ። ከእንግዲህ አልደብቅህም። ሞትህንም አልደብቅም፣ ጨዋታህንም ከልጅህ አልደብቅም። ስለ በርሜሉ ማማረርህን ሳይቀር እነግራታለሁ።

ከተመለስን በኋላ የመጀመሪያው ማታ ሰርቪሱ መጣ። ማሂ እንደ ልማዷ ተነሳች። ቀድሜያት ሄጄ መጋረጃውን ሳብኩት። እሷ ግን ገለጠችው።

"አልጠብቅም እማዬ" አለችኝ። "አባዬ ይወርድበት የነበረውን በር ነው የማየው።"

አጠገቧ ቆምኩ። ሰዉ ሁሉ ወርዶ በሩ እስኪዘጋ አብረን አየነው። ነገም እናየዋለን፣ ሆዴ።

ሰብልህ