ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ስለሆነው የባቡር ወንበር

ለተከበሩ የፉርጎዎች ንድፍ መምሪያ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ይህ ደብዳቤ በደህና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አዲሶቹ ፉርጎዎች በተመረቁበት ጉዞ መጨረሻ፣ እኔ የመምሪያዎ የልኬት ሠራተኛ ለመውረድ ስነሳ ወንበሩም አብሮኝ ሊነሳ ቃጣው። የክንድ መደገፊያዎቹ ዳሌዬን ግራና ቀኝ ጥርቅም አድርገው ይዘውት ነበርና፣ ትኬት ተቆጣጣሪው አንድ እጄን፣ አጠገቤ የነበሩ አትክልት ነጋዴ እናት ሌላውን ይዘው፣ «በይ ልጄ፣ ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊው!» እየተባልኩ ተጎተትኩ። መደገፊያው ተገንጥሎ ነፃ ስወጣ ፉርጎው በሙሉ አጨበጨበልኝ። ለእርስዎ የምርቃት ንግግር ያን ያህል አልተጨበጨበም።

በማግስቱ የደረሰኝ ደብዳቤዎ ለመደገፊያው መሰበር ምክንያቱ «የተሳፋሪዋ ሰውነት ከደረጃው ውጭ መሆኑ» እንደሆነ ገልጾ፣ ይህንኑ አምኜ እስከ ሰኞ ካልፈረምኩ ከሥራ እንደምሰናበት ያሳስበኛል። እስከዚያው ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ባቀርብ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ፣ የአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ መንገደኞችን ዳሌ፣ ትከሻና ጉልበት እንድለካ ስላሰማሩኝ አመሰግናለሁ። አንድ ሽማግሌ የሬሳ ሣጥን ሠሪ መስያቸው በሩጫ አመለጡኝ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ «ሁለት ሰዎች ስለሆንን ሁለት ጊዜ ለኪን» ብላኝ ሁለት ጊዜ ለካኋት። ያን ሁሉ የልኬት ጥራዝ እርስዎ «የገበያ ወሬ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያም አናጢውን አስጠርተው፣ ራስዎ ጣውላ ላይ ተቀምጠው፣ ዙሪያዎን በእርሳስ አስከበቡ። ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲሜትር! ይኸው ሕዝቡ ሁሉ በእርስዎ መቀመጫ ተተመነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉልበት። ቁመተ ሎጋው ወንድሜ መምህር ነው፤ ወንበርዎ ላይ ጉልበቱን ከአገጩ ሥር ወትፎ የተማሪዎቹን ፈተና ሲያርም፣ ለሁሉም ሙሉ ውጤት ሰጥቶ በቶሎ ተገላገለ። ተማሪዎቹ እጅ ነስተዋል።

ሦስተኛ፣ መተላለፊያው። ተቆጣጣሪውና አትክልት ነጋዴዋ መሃል ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ከሁለት አንዱ እስከ በሩ የኋሊት መሄድ ነበረበት። ነጋዴዋ አልሄዱም።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቀሚስ አልበቃ ሲል ቀሚሱን ትተረትራለች እንጂ ደንበኛዋን በመቀስ ስታሳድድ አይቼ አላውቅም። እኔም በዚያች ቤት ያደግኩ፣ ተምሬም የተመረቅኩ ልጅ ነኝና፣ አልፈርምም። ሰኞም፣ ከሰኞ በኋላም። ሊያሰናብቱኝ ከወሰኑ ጥራዙ ሁለት ቅጂ እንዳለውና አንደኛው ከማግስቱ ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ ለሚሻ ሁሉ እንደሚነበብ በትሕትና አሳውቃለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
አርባ አራት ሳንቲሜትሯን አንድም ሳታስቀር ይዛ የምትኖረው የልኬት ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ በምርቃቱ ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ቆመው መሄድዎን ብዙዎች ትሕትና ነው ብለው አድንቀውልዎታል። አናጢው ግን ጣውላው ላይ ከተቀመጡ ሦስት ዓመት እንዳለፈ፣ እርስዎም በእነዚህ ዓመታት እንደተመቸዎት አጫውቶኛል። ሜትሬ አሁንም አንገቴ ላይ ነው፤ ሲመችዎ ጎራ ይበሉ፣ ማንም ሳያይ እለካዎታለሁ። እርስዎንም ከደረጃው ውጭ ነዎት ብሎ ሊያስፈርምዎ የሚመጣ ካለ ይንገሩኝ። ወንበር በጠበበ ቁጥር ሰው ይቅርታ እንዲጠይቅ ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ሰውየው እርስዎ ቢሆኑም እንኳ።