ከአባዬ ሹራብ የወጣ ክር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ፣ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት መቀባት ጀመርሽ? እንደማትቀቢው አውቃለሁ፤ ግን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አልከሳሁም።

በስልክ "ውልሽ ሲያልቅ ትመጫለሽ አይደል?" ባልሽኝ ቁጥር ወሬ የምቀይረው ጨንቆኝ ነው። ድምፅሽን እየሰማሁ መናገሩን ስላልቻልኩ ይኸው ልጻፍልሽ።

ሥራዬን ለሰው ስታስረጂ "ልጄ መስታወት ላይ ትጽፋለች" ትያለሽ አሉ። ብዙም አልተሳሳትሽ። ጥፍር በምታህል መስታወት ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች እንሠራለን። አንዲት ጠብታ ደም በቦዮቹ እየሄደች ከመመርመሪያ ፈሳሾች ጋር ትቀላቀላለች፤ አንድ ሙሉ ላቦራቶሪ የሚሠራው ምርመራ እዚያው ያልቃል። የታሰበው ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ነው። እነሱ በሲሪንጅ የሚቀዳ ደም ከየት ያመጣሉ?

ባለፈው ወር ውሌን ለማራዘም ወይም እኔን ለማሰናበት የሠራሁትን መስታወት ሊያይ ኮሚቴ ተሰበሰበ። በፊታቸው የደሟን ጠብታ ጨመርኩ። ደህና ስትሄድ ቆይታ መሀል ላይ ቀጥ አለች። አለቃዬ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ "ይሄ ደግሞ የምን ገመድ ነው?" አለ። እኔም አየሁ። ለዓይን የማትታይ የአረንጓዴ ክር ብጣሽ ቦዩን ዘግታዋለች። ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅኋት። የምንሠራበት ክፍል ይበርዳል፤ መስታወቱን የገጠምኩ ዕለት ክልክል መሆኑን እያወቅሁ ከጋውኔ ሥር አንቺ የሠራሽልኝን አረንጓዴ ሹራብ ለብሼ ነበር። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

አባዬ ከሞተ በኋላ ሹራቡን ተርትረሽ ለእኔ የሠራሽልኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? መስኮቱ ሥር ተቀምጠን፣ እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ አንቺ ክሩን እጄ ላይ እየጠመጠምሽ። እጄን ዝቅ ሳደርግ "ቀና አድርጊ፣ አንቺ ሰነፍ" ትዪኛለሽ። ስታለቅሺ እንዳላይ አቀርቅረሽ ነበር። ክሩ የድሮ ቅርጹን አልለቅም ብሎ እየተጨማተረ ሲያስቸግርሽ ግን "እንደ ባለቤቱ ግትር ነው" አልሽና ሳቅሽ። ያ ሳቅሽ እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠብታዋ ስትቆም ከመደንገጤ በፊት ደስ አለኝ። በቃ ቤቴ ልገባ ነው አልኩ በሆዴ። ሻንጣዬን ሁሉ በሐሳቤ ሸክፌ ነበር። አለቃዬ ግን ስቆ ስቆ ሌላ ቀን ቀጠረልኝ። ያለ ሹራብ፣ ጥርሴ በብርድ እየተንቀጫቀጨ ሌላ መስታወት ሠራሁ። ጠብታዋ አንድም ቦታ ሳትቆም እስከ መጨረሻው ሄደች። ያን ጊዜም ደስ አለኝ፣ እማዬ። ምን ላድርግ?

ሐሙስ ዕለት ፈረምኩ። ሦስት ዓመት ነው። ለዕረፍት እመጣለሁ፤ ለመኖር ግን አሁን አልመጣም። ተቀይመሽም ከሆነ ደውለሽ ተቆጪኝ እንጂ ዝም አትበዪኝ።

ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በዪልኝ። የእህቴን ባል፣ ሹፌራችንን፣ ቀስ ብለህ ንዳ ብላሃለች በዪው። እህቴን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ልጇን ወሬኛዋንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አሁንም መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ነው የምትተኛው አሉ። እህቴ አንሶላውን እየቀየረች እስካሁን ያቆየችልኝን አልጋ ለእሷ ስጧት።

ልጅሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ኅዳር 9 ቀን