በእማዬ አርባ የተጀመረው ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለመስፍን፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከነምሬቴ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ከመተማ ከደወልክልን ወዲህ ስልክህ ስለማይጠራ፣ ይህን ወደ ሱዳን ለሚሻገረው ለጎረቤታችን ለራዲያ ወንድም ሰጥቼዋለሁ።

እማዬ አርፋለች። ትናንት አርባዋን አወጣንላት። የቀብሯ ዕለት አስከሬኗን የተሸከሙት የአውቶቡስ ተራ ደላሎች ናቸው፤ እነዚያ ለቅዳሴ ስታልፍ “አፋችሁን ታጠቡ!” እያለች የምትቆጣቸው። ራዲያ ከዘመድ በላይ አለቀሰች። “ወንድ ልጇስ?” ሲሉኝ “ሥራ ይዞት ነው” አልኩ። እማዬ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ራጉኤል ደጅ ቆማ በክርስትና ስምህ “ወልደ ሰንበትን አደራ” ስትል ኖረች፤ የእኔ የክርስትና ስም ትዝ የሚላት ከአንተ በኋላ ነበር።

ትናንት ቄሱ ከእማዬ ጋር የሚታሰቡ ሙታን ስም ሲጠይቁ፣ አጎታችን ጋሼ ቦጋለ አባባን ጠሩና “ወልደ...” ብለው የአንተን ጀመሩ። ሰው ሁሉ እያየ አፋቸውን በእጄ ከደንኩት። ታላቅሽን ደፈርሽ ብለው አኩርፈውኛል። ያኩርፉ!

በተረፈ፣ እኔ ስምህን በሕይወት ካሉት ጋር አስጠርቻለሁ። እንዳታሳፍረኝ።

በእማዬ ቦታ ራጉኤል ደጅ የምትቆመው፣
እህትህ ሠርኬ