ጨረቃዋ ያልታየችበት ዓርብ

ሐሙስ፣ ረመዳን 28፣ ከሰዓት

የጎረቤቴ የወ/ሮ አልማዝ ደም ግፊት ዛሬም አልወረደም። በአጥሩ በኩል ጠየቅኳት፤ ራሴን ያዞረኛል አለች። አማን ከተማ ያለችው ልጇ በሰላም ተገላግላለች፣ ወንድ ነው። አራሷን ልጠይቅ ብላ ስትነሳ ተቆጣኋት። አረፍ በይ እንጂ!

ቁጭ ያልኩት አሁን ነው ደብተሬ። የልጆቹ የዒድ ልብስ ከሰፊው መጣ። የናቲ ጀለቢያ ረዝሟል፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ያድግበታል። እሱ ሁሉም ነገር ደስ ይለዋል። ጭንቀቴ ምሕረት ናት፣ አሥራ ሦስት የሞላት። አባታቸው ከሞተ በኋላ ሸምሱን አግብቼ ስሰልም፣ እሷ እናቴ ባሳደገችን ቤ/ክ መዘምራን ውስጥ ቀረች። አላስገደድኳትም። እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ትዘምራለች። እናቴም ልትሰማት ከሸዋ ቤንች ትመጣለች።

ዒዱ ቅዳሜ ነው ብዬ ለምሕረት ቃል ገብቼላታለሁ። "እሺ፣ ቅዳሜ የእናንተ፣ እሁድ የኔ" አለችኝ። የእናንተ!

ዓርብ፣ ረመዳን 29፣ ምሽት

ጨረቃ አልታየችም። ናቲ ሸምሱ ትከሻ ላይ ሆኖ "ያቻት! ያቻት!" ይላል። የመስጊዱ አምፖል ነው። የቀረው ደመና። ከተማችን ሚዛን መቼ ደመና አጥታ ታውቃለች። በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ዒድ እሁድ። ሸምሱ አንድ ቀን ተመረቀልን ብሎ ሳቀ። ምሕረት ግን ወደ እኔ ዞረች።

"አውቀሽ ነው እማ።"

ወላሂ አላወቅኩም! እንደ ገና በዓል ቀኑ ቆሞ የሚጠብቅ መስሎኝ። አምና ልበሺ በተባልኩ ቀን ለበስኩ፣ አለቀ።

ሳትበላ ገባች። ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። አያቷ ስትመጣ አብራት ልትሄድ ነው፣ እዚያው ልትማር። ሸምሱ አልከለክላትም ይላል፤ "ግን በዒድ ቀን ልጅሽ ከቤት ከጠፋች፣ ለበዓሉ የምትመጣው እህቴ ምን ትላለች፣ የመስጊዱ ጀማዓስ?"

ቅዳሜ፣ ረመዳን 30፣ ካፈጠርን በኋላ

እናቴ መጣች። ከሰለምኩ ወዲህ ቤቴ ገብታ አታውቅም። ዛሬም በረንዳ ላይ ቆማ፣ ልጅቷን አምጪልኝ አለች። አልማዝ በዚያ ግፊቷ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ደረሰች። "አስቱ" አለችኝ፤ ከዲጃ ማለቱን አልለመደችውም። "ልጅሽ ስትዘምር አንቺ የት ልትሆኚ ነው?" ወደ እናቴ ዞረች። "እርስዎስ፣ ልጅ ከእናቷ መንጠቅ ጽድቅ ሆነ እንዴ?" እናቴ አኮረፈች። ግን አልሄደችም።

ወሰንኩ። ነገ በማለዳ ከሸምሱና ከናቲ ጋር ሶላት። ከዚያ በቀጥታ ቤ/ክ፣ የኋላ ወንበር። ለምሕረት ነገርኳት።

"ከነሒጃብሽ? ሰው ያይሻል እኮ!"

ይየኝ አልኳት። ጥፍሯን እየበላች፣ "እንግዲያው ሳልመጣ ምሳ እንዳትጀምሩ" አለች።

ሸምሱ ሰምቷል። "እህቴን አንቺው ንገሪያት" ብሎ ወጣ። እህቱ ከቴፒ እየመጣች ነው። ምሕረት አሟታል ልበላት? ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን ልበል? በዒድ ቀን ውሸት?

ባጃጅ ቆመ። ናቲ "አክስቴ መጣች!" እያለ ይሮጣል። በሩ ላይ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ እኔው ራሴ እውነቱን እነግራታለሁ።