የምታወሩት ሁሉ ይገባኝ ነበር

ውድ ልጄ የኔአለም፣

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ስለማይሆንልኝ ነው። በስልክ «ደህና ነሽ?» እልሻለሁ፣ «ደህና ነኝ አባባ» ትይኛለሽ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ መብራቱ አውርተን እንዘጋዋለን። አንቺ ግን ደህና አይደለሽም። ይህን ያወቅሁት በፋሲካ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ስነግርሽ ትደነግጪ ይሆናል። ደንግጪ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በእናትሽ በማንጠግቦሽ ሙት ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ካህናቱም ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ አንቺ፣ ወንድምሽ ምናለና እኔ ሳሎን ቀረን። ምናለ በእንግሊዝኛ ያናግርሽ ጀመር። እኔ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጫለሁ። «ሃውስ»ና «ፋዘር» የሚሉትን ለየሁ፤ እነሱንማ ማን የማያውቅ አለ? ሌላው አለፈኝ። ስትናገሩ አልፎ አልፎ ዞር ብላችሁ ፈገግ ትሉልኛላችሁ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር እየነዳሁ በአቧራና በጭቃ ስኖር ያንን ቋንቋ እንድታውቁ እመኝ ነበር፤ አውቃችሁ በማየቴ አልቆጨኝም። ግን በገዛ ቤቴ፣ ስለ እኔ፣ እኔ እንዳልሰማ? «እንዲህማ አይሆንም!» አልኩ በልቤ።

እናንተ እንደሄዳችሁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ካለው ፎቅ፣ ቋንቋ ከሚያስተምሩበት ቤት ሄድኩ። የምትመዘግበው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ለልጅዎ ነው አባባ?» አለችኝ።

«ለራሴ ነው።»

«ለራስዎ? ምን ሊሠሩበት?»

«ልሰማበት» አልኳት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ሰንበት ሳይቀሩ መጡ። «ቢያድግልኝ፣ ልጆች አድርሰሃል፣ ጡረታ ወጥተሃል፣ ሚስትህን ቀብረሃል። የቀረህ ቆብ ነው። በዚህ ዕድሜ የፈረንጅ ቋንቋ ምን ይሠራልሃል?» አሉኝ። እኔም መስቀላቸውን ስሜ፣ «አባ፣ ቆቡ የትም አይሄድም፤ ይቆየኝ። ትምህርቱ ግን ቅዳሜ ይጀምራል» አልኳቸው። አኩርፈው ሄዱ። ለቁርባን ስንገናኝ ፈገግ አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው።

ከእኔ ጋር የሚማሩት ዓረብ አገር ሊሄዱ ያሰቡ ልጃገረዶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ የደምበጫ ባጃጅ ነጂ ናቸው። መምህራችን ወንጌላዊት ትባላለች፤ አንቺን በዕድሜ ትከተላለች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ስለነበር ፊደሉ አልጠፋኝም፤ ምላሴ ነው ያስቸገረኝ። መጀመሪያ ሰሞን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከኋላ ይስቁ ነበር። እኔም ዞር ብዬ አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ቶሎ ሰለቻቸው።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ የሕይወት ለውጥን ስለ መናገር ሆነ። ወንጌላዊት ቃላቱን ከላይ እስከ ታች ሰሌዳው ላይ ደረደረችው፦ መወለድ፣ ማደግ፣ መመረቅ፣ ማግባት፣ መፋታት፣ ቤት መቀየር፣ መውለድ፣ ጡረታ መውጣት። ከጡረታ ቀጥሎ ያለው መሞት ነው። እጄን አወጣሁ።

«መምህርት፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምንም የለም?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ምን እንጨምርበት አባባ?» አለች።

«እኔ የት እንደምቀመጥ ነው የጠፋኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ አልሞትኩም።»

ጠመኔዋን አንስታ በመካከል «ስታርት ኦቨር» ብላ ጻፈች። እንደገና መጀመር ማለት ነው አለችን። ያን ቀን እንደ ጎረምሳ እየተራመድኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በሌላው ሳምንት «ዩዝድ ቱ» የሚባለውን አስተማረችን። በፊት የነበረ፣ አሁን ግን የቀረ ነገር የሚነገርበት ነው። ባጃጅ ነጂው «ደምበጫ እኖር ነበር» አለ። እኔ «ግሬደር እነዳ ነበር» አልኩና ተጨበጨበልኝ። ይሄኔ ወንጌላዊት ልታበረታታኝ ብላ፣ «ስለ ቤተሰብዎስ?» አለችኝ። ቆምኩ። «ሚስት ነበረችኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተገጣጥሞ አፌ ድረስ መጣ። ማውጣት ግን አቃተኝ።

«ይሄ ለእሷ አይሆንም» አልኩ በአማርኛ። «ሞታለች። ግን ቀረ የምለው ነገር አይደለም። ሌላ ቃል ስጭኝ።»

 ወንጌላዊት ትንሽ አሰበችና «‹ስቲል› የሚባል አለ» አለችኝ። «የነበረ፣ አሁንም ያለ።»

«አይ ስቲል ላቭ ማይ ዋይፍ» አልኩ።

የኔአለም፣ ለእናትሽ አንድ ቀን እንኳ በአማርኛ «እወድሻለሁ» ብያት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በእንግሊዝኛ ለባዕድ ልጆች ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ የሳቀ የለም።

ፋሲካ መጣ፣ እናንተም መጣችሁ። አንቺ ብቻሽን ነበርሽ፤ ባልሽ ሥራ በዝቶበት ነው አልሽኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችሁ ሳሎን ተቀምጣችሁ በእንግሊዝኛ ጀመራችሁ። እኔ ሬዲዮ የምሰማ መስዬ ተቀምጫለሁ፤ ድምፁን ግን ቀንሼዋለሁ። ምናለ ስለ ባልሽ ጠየቀሽ። ከቤት ወጥተሽ ሰው ቤት ማረፍሽን ነገርሽው። መለያየታችሁን፣ አሁን ደግሞ ፍርድ ቤት ገብታችሁ ልትፋቱ መሆኑን ነገርሽው። ያ ሁሉ ሰሌዳው ላይ የነበረ ቃል ነው። ስማር ለማን እንደምማረው አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ዓይንሽን መሬት ላይ ተክለሽ፣ ለአባባ እንዳትነግረው፣ ይገድለዋል አልሽ።

አልገደለኝም። ይኸው እጽፍልሻለሁ።

ምናለ አላዘነም አልልም፤ አዝኗል። ግን ሐሳቡ ወዲያው ወደ ቤቱ ዞረ። ቤቱ ይሸጥ፣ አባባ ከእኔ ጋር ይኑር፣ አንቺም በድርሻሽ ኑሮሽን ታቋቁሚያለሽ አለሽ።  ብዙም ሳይቆይ «ጓደኛዬ ነው» ያለው ሰውዬ ገባ። ጓደኛ ሳይሆን ቤት ገዢ እንደሆነ ኮርኒሱን ሲመረምር ገባኝ። ምናለ ቀስ ብሎ፣ ያው በእንግሊዝኛ፣ አባቴን አሳምነዋለሁ፣ ጊዜ ስጠኝ ብሎ አንሾካሾከለት። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ዚስ ሃውስ ኢዝ ኖት ፎር ሴል» አልኩ። «አይ ሊቭ ሂር።»

የምናለን ፊት አስታወስሽው? «አባባ… ምን አልክ?»

«የሰማኸውን። ካልገባህ በአማርኛ ልድገምልህ? ይህ ቤት አይሸጥም፤ እኔ እኖርበታለሁ።»

ሰውዬው እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ወጣ። እኔም አየር ልቀበል ወደ ጓሮ ወጣሁ። አንቺ ተከትለሽኝ መጣሽ። ገጽሽ አመድ መስሏል። «አባባ፣ የምንናገረውን ትሰማለህ እንዴ?» አልሽኝ።

«ኧረ ወዲያ! ይችን ብቻ ነው በቃሌ የያዝኩ» አልኩሽ።

ዋሸሁሽ፤ ለአንቺ ብዬ ነው። በራስሽ ጊዜ፣ በራስሽ አፍ እንድትነግሪኝ ፈልጌ ነበር። ጠበቅሁ። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ አንቺ አሁንም «ደህና ነኝ አባባ» ትያለሽ። ከዚህ በላይ አልጠብቅም።

እንግዲህ ስሚኝ፤ ቤትሽ ነይ። ምክንያቱን አልጠይቅሽም። ልትነግሪኝ ከፈለግሽ እሰማለሁ፤ ካልፈለግሽ ዝም ብለን እንኖራለን። ሰው ያወራል፤ «የቢያድግልኝ ልጅ ባሏን ፈታ መጣች» ይላል። ይበል። ሲጠይቁኝ ድምፄን ሳልቀንስ «አዎ መጣች» እላለሁ። ሽማግሌ ነን ብለው የሚመጡ ካሉ በሩ ላይ እኔን ያገኛሉ። ወንድምሽንም ለእኔ ተይው፤ ልጄ ነው፣ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። የደብረ ማርቆስ ኑሮ ካልጣመሽ ነገ ተነሥተሽ ወዳሰኘሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ልይዝሽ አይደለም የምጠራሽ። ግን አንገትሽን ደፍተሽ በሰው ቤት ጥግ የምትቀመጪበት ምክንያት የለም። አባት አለሽ፣ ያባትሽም ቤት አልተሸጠም።

የሚመጣው እሑድ የንግግር ፈተና አለብኝ፤ ርዕሱ ቤተሰብ ነው። ወንጌላዊት እንዳለችን እንግሊዞች ቁርጥ ያለ ነገር ሲሆን ገና ያልሆነውን እየሆነ እንዳለ አድርገው ይናገሩታል። ስለዚህ «ማይ ዶተር ኢዝ ካሚንግ ሆም»፣ ልጄ ወደ ቤቷ እየመጣች ነው ብዬ ልጀምር ነው። በእኛ ደግሞ ይብሳል፤ ገና ከቤታችን ሳንወጣ «መጣሁ» እንላለን።

ስልክ ደውይና እንደሱ በይኝ።

አባትሽ ቢያድግልኝ
ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ