ስማቸው ከሪፖርቱ ይውጣ፦ የከብት ሐኪሟ እታለም

ቤተሰብም ጎረቤትም «እታለም» እያለ የሚጠራቸው የከብት ሐኪሟ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና የጓሮ ላሞች እያለቡ ቤት ካስተዳደሩት እናታቸው በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ወተቱን ለደንበኛ ሳያደርሱ ትምህርት ቤት ስለማይሄዱ መምህራኑ የሚያውቋቸው በአርፋጅነት ነበር፤ በፈተና ግን የቀደማቸው የለም።

በ1980 ዓ.ም. በእንስሳት ሕክምና ሲመረቁ አባታቸው ነጩን ጋዋን በገዛ እጃቸው ሰፉላቸው። በዚያው ዓመት በአንድ የሥጋ ማቀነባበሪያ ድርጅት በሥጋ መርማሪነት ተቀጠሩ። የታመመ ከብት ከሳቸው እጅ ማኅተም አግኝቶ አያውቅም፤ አለቃ ቢቆጣም፣ ቢለማመጥም። በ1984 ዓ.ም. የዚያው ድርጅት የማቀዝቀዣ መካኒክ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በቤታቸው የማያልቀው ጠብ የመስኮት ጠብ ነበር። ሐኪሟ ይከፍታሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲበርዳቸው የዋሉት መካኒክ ይዘጋሉ።

በ2012 ዓ.ም. ድርጅቱ ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ በዐሥር ዓመት በግማሽ እቀንሳለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቃሉንም በትልቅ ሰሌዳ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው። ከብት ያውቃሉ ተብለውም ድርጅቱ በየዓመቱ ምን ያህል ጋዝ እንደሚለቅ የሚገልጸው የልቀት ሪፖርት ኃላፊነት ለእታለም ተሰጠ። እሳቸው ደግሞ የምር አመኑ። በመጀመሪያው ሪፖርት፣ ትልቁን ድርሻ የያዘው አምፖሉም የጭነት መኪናውም ሳይሆን ለእርድ የሚደልቡት ከብቶች እያመሰኩ በግሳት የሚያወጡት ጋዝ መሆኑን ጻፉ። ይህ ለአለቆቹ አልተመቻቸውም።

በማግሥቱ ዓመት የመጣውን ዘዴ ሰይጣንም አያስበው። ከእንግዲህ የሚቆጠረው ከአጥሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው ተባለ፤ ከብቱ በሩን እስኪያልፍ ድረስ ጋዙ የአርቢው ነው። በሩን ያለፈ ከብት ደግሞ ሳያድር ይታረዳል። እታለም ከስብሰባው መካከል ተነሥተው፣ «እንግዲያው በሬው የእኛ የሚሆነው ከሞተ በኋላ ነው ማለት ነዋ?» ሲሉ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ፤ ሌላውም ተከትሎ ሳቀ። ድርጅቱ በዚህ ስሌት የዐሥር ዓመቱን ቃል በሁለት ዓመት ፈጸምኩ አለ፣ አንድ ከብት እንኳ ሳይቀንስ።

እታለም አልፈርምም አሉ። ወዲያው ከቢሯቸው ተነሥተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተላኩ። ሪፖርቱ ግን በእሳቸው ስምና ፎቶግራፍ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ወጣ። መምህርት ልጃቸው ድርጅቱ ከሪፖርቱ አውጥቶ ለማስተማሪያ ብሎ ለትምህርት ቤቶች በላከው ጽሑፍ ላይ የእናቷን ፎቶ ስታገኝ ክፍሉን ጥላ ወጣች። እታለም ስሜን አንሡልኝ ብለው ያልረገጡት ቢሮ፣ ያልለመኑት ኃላፊ አልነበረም። መልሱ ሁልጊዜ የታተመ አይመለስም የሚል ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህኛው ግን እሳቸውን እያደር ከበዳቸው።

አምና የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ድርጅቱ አበባና ፎቶ አንሺ ላከ፤ ባለቤታቸው አበባውን ተቀብለው ፎቶ አንሺውን ከበር መለሱት። በዚያ አልጋ ላይ ሆነው ልጆቻቸውን፣ «በውሸት ስም አትቅበሩኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም» አሏቸው። በዚህ በ2017 ዓ.ም.፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንባችን ሳይደርቅ፣ በዚያው ዕለት የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ልቅሶ ቤት መጡ። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ጽሑፍ በባለቀለም ወፍራም ወረቀት በነፃ እናሳትምላችኋለን፣ አንዲት አንቀጽ ብቻ አስገቡልን አሉ። አንቀጿ እታለምን «የአየር ንብረት ቃላችን እናት» ትላለች። በቁም ሳሉ ግምጃ ቤት የጣሏቸውን ሴት! በእጃችሁ ያለው ወረቀት የሳሳው፣ ፎቶውም የደበዘዘው ለዚህ ነው፤ ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ራሳችን ያባዛነው ነው። ሐዘኑ ሳያንሰን ንዴት ተጨምሮብናል፤ አንደብቀውም።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አራት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከፊት የተቀመጣችሁ የድርጅቱ ኃላፊዎች፣ ለቀብር ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። ያ ሪፖርት የእሳቸው እንዳልሆነ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናግረናል። ነፍሳቸውን አምላክ ከእውነተኞቹ ጋር ያሳርፍልን። ስማቸውን ግን የምንጠይቀው ከእናንተ ነው፤ በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ የምናስቀርጸው ያንኑ ስም ነውና መልሱልን።